የ44 ዓመቷ ጀማሪ

ቲና ተርነር የሚለውን ስም ያወጡላት እናትና አባቷ አይደሉም። እነሱ ያወጡላት ስም አና ሜ ቡሎክ ነው። የተወለደችው ኖቬምበር 26 ቀን 1939 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ብራውንስቪል በምትባል ከተማ ነው (እዚህ የሚነሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያደገችው ግን እዚያው አቅራቢያ ነትቡሽ ውስጥ ነው። ነትቡሽ በሥራ ቀን ጥጥ የሚለቀምባት፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚዘመርባት የገጠር መንደር ነበረች። አና ሜም ጥጡን ለቅማለች፣ መዝሙሩንም ዘምራለች። 11 ዓመት ሲሆናት እናቷ ከባሏ ዱላ ሸሽታ፣ ለልጆቿ እንኳ ሳትነግር ከቤት ጠፋች። ትንሽ ቆይቶ አባቷም ሌላ ከተማ ገባ። አያቷ ዘንድ አደገች፤ አያቷ ሲሞቱ ደግሞ በ16 ዓመቷ ሴንት ሉዊስ ወዳለችው እናቷ ሄደች።

ሴንት ሉዊስ ያኔ በወንዝ ማዶ ለማዶ የምሽት ክበብ የሞላበት ከተማ ነበር። በ1957 በኢስት ሴንት ሉዊስ ክለብ ማንሃታን ውስጥ «ኪንግስ ኦቭ ሪዝም» የሚባል ባንድ ይጫወት ነበር፤ መሪው አይክ ተርነር ነው። አና ሜ ከታላቅ እህቷ ጋር እየሄደች ታዳምጣቸዋለች። አንድ ሌሊት በዕረፍት ሰዓት ድራም መቺው ማይክራፎኑን ለእህቷ ሲያቀብላት እህትየው እምቢ አለች፤ ታናሽየዋ ተቀበለችና የቢ.ቢ. ኪንግን ዘፈን ዘፈነች። አይክ ከኦርጋኑ ተነሥቶ ወረደና ሌላ ምን ታውቂያለሽ አላት። የ17 ዓመት ልጅ ነበረች።

ስሙ የመጣው በ1960 ነው። አይክ ለአንድ ወንድ ዘፋኝ «ኤ ፉል ኢን ላቭ» የሚል ዘፈን ጽፎ ስቱዲዮ ተከራየ፤ ዘፋኙ ቀረ። ኪራዩ በከንቱ እንዳይፈስ አና ሜ እንድትዘፍነው ተደረገ፤ የአይክ ሐሳብ ድምጿን በኋላ አጥፍቶ የወንድ ድምፅ ሊያስገባበት ነበር። ቅጂውን የሰማው የኒው ዮርኩ የሙዚቃ ነጋዴ ግን በእሷ ድምፅ እንዳለ 25 ሺህ ዶላር ከፈለበት። አይክ በልጅነቱ በፊልምና በሥዕል መጽሔት ያያት የነበረችውን «ሺና» የተባለች የጫካ ጀግና አስታውሶ፣ ስሟ ቤት እንዲመታ «ቲና» አላት፤ የራሱን የአባት ስም ጨመረበትና በሕግ የንግድ ስሙ አድርጎ አስመዘገበው። ልጅቷ አንድ ቀን ጥላው ብትሄድ ሌላ ዘፋኝ ቀጥሮ «ቲና ተርነር» ብሎ መድረክ ሊያወጣ አስቦ ያደረገው ነው። ከዚህ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ሁሉ ለማሰብ ይህንን ልብ ማለት ይገባል። ዓለም የሚያውቀው ያ ስም ገና ከመነሻው እሷን እንዲተካ ተደርጎ የተሠራ ነበር።

የቀጣዮቹ 16 ዓመታት ታሪክ በብዙ መጽሐፍ ስለተተረከ እዚህ ላይ አልቆይም። በ1962 ሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ ቲዋና ውስጥ ተጋቡ። በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ሌሊት ከሌሊት ሠሩ። በ1966 ፊል ስፔክተር የተባለው ፕሮዲውሰር እሷን ብቻ ለማግኘት ለአይክ ገንዘብ ከፍሎ ከስቱዲዮ እንዲርቅ አደረገና «ሪቨር ዲፕ፣ ማውንቴን ሃይ»ን ቀረጸ። ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ ብዙም ሳይሰማ ሲቀር እንግሊዝ ውስጥ 3ኛ ወጣ፤ አልበሙ ላይ ግን የአይክም ስም አብሮ ታተመ። እንግሊዞች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልረሷትም፤ ይህ ከ17 ዓመት በኋላ ይጠቅማታል። በ1971 «ፕራውድ ሜሪ» አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ፣ ግራሚም አስገኘ። መድረክ ላይ እንደ እሳት የምትንቀለቀለው ሴት ቤት ስትገባ በጫማ መወጠሪያ ትደበደብ ነበር። አይክ ገንዘቡን ይይዛል፣ ዘፈኑን ይመርጣል፣ እንዴት እንደምትዘፍነውም ያዛል። የምትዘፍነውም በጩኸት ነበር፤ እሱ የሚፈልገው እንደዚያ ነውና።

ጁላይ 1 ቀን 1976 ለሥራ ዳላስ ገቡ። ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል በሚሄደው መኪና ውስጥ አይክ መታት፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መልሳ መታችው። ስታትለር ሂልተን ሆቴል ሲደርሱ የለበሰችው ነጭ ልብስ በደም ተበክሏል። እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ያበጠ ፊቷን በሻርፕና በመነጽር ሸፍና በኋላ በር ወጣች። አውራ ጎዳናውን በእግሯ ስታቋርጥ የጭነት መኪና ሊገጫት ለጥቂት ዳነች። ማዶ ያለው ራማዳ ኢን ስትደርስ በእጇ የነበረው 36 ሳንቲምና አንድ የነዳጅ መግዣ ካርድ ነው። ማን እንደሆነች ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነገረችው፣ ገንዘብ እንደሌላት ነገረችው፣ እከፍልሃለሁ አለችው። ክፍል ሰጣት።

ፍቺው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት በማርች 1978 ተፈጸመ። ቤቱንና ስቱዲዮውን ተወችለት። ለራሷ ካስቀረቻቸው ጥቂት ነገሮች መካከል ሁለት መኪናና መድረክ ላይ የምትጠራበት ስም ይገኛሉ። ዳኛው ፊት ስለ ስሙ አጥብቃ ተሟገተች፤ ያለ እሱ ሥራ ማግኘት እንደማትችል ታውቃለች። ከስሙ ጋር ግን ዕዳውም መጣ። ጥላ በመሄዷ የተሰረዙት ኮንሰርቶች አዘጋጆች ኪሳራቸውን ከእሷ ጠየቁ፤ የቀረጥ ዕዳም ነበረባት። አራት ልጆች አሏት፤ አንዱ ከአይክ የወለደችው፣ አንዱ ከእሱ በፊት የወለደችው፣ ሁለቱ ደግሞ አይክ ከሌላ ሴት ያመጣቸው ናቸው። አይክ ከሌላ ሴት ያመጣቸውን ሁለቱን ጨምሮ አራቱንም ላከላት።

ከዚህ እስከ 1983 ያሉትን ዓመታት ብዙ ሰው ዘሎ ያልፋቸዋል። ታሪኩ ከጨለማ ወደ ብርሃን በአንድ እመርታ ሲሻገር ያምራልና። እኔ ግን በ1984 ያወጣችው የ«ፕራይቬት ዳንሰር» አልበም ሥር እዚህ ነው ባይ ነኝ። ለተወሰነ ጊዜ መንግሥት ለችግረኞች በሚያድለው የምግብ ኩፖን ኖራለች፤ በወዳጆች ቤት ተጠግታ ውለታውን ቤት በማጽዳት መልሳለች። ቴሌቪዥን ላይ የጨዋታ ዝግጅቶች ተጋባዥ ሆናለች። በላስ ቬጋስና በሌሎች ከተሞች ሆቴሎች ውስጥ እራት የሚበሉ ሰዎች ፊት፣ በላባና በጌጥ አሸብርቃ፣ የሌሎች ሰዎችን ዘፈን ዘፍናለች። «ራፍ» በ1978፣ «ላቭ ኤክስፕሎዥን» በ1979 ወጡ፤ ሁለቱም ሳይሸጡ ቀሩና ኩባንያው ውሏን አላደሰም። የሬዲዮ ሰዎች አይክ የሌለባትን ቲናን ምን እናድርጋት ብለው ግራ ገባቸው፤ ሌሎች ደግሞ ዕድሜዋን ቆጠሩ። 40 ዓመቷ ነው። ይሁንና ሥራ ስትጠራ አንድም ቀን አልቀረችም። የሚከፈላትም በአብዛኛው ለዕዳ ይሄድ ነበር።

በ1979 በአንድ የቴሌቪዥን ልዩ ዝግጅት ከኦሊቪያ ኒውተን ጆን ጋር ስትዘፍን ሮጀር ዴቪስ ከሚባል ወጣት አውስትራሊያዊ ጋር ተገናኘች። ዴቪስ ገና አሜሪካ መግባቱ ነው፤ የሚያስተዳድረው ትልቅ ስም አልነበረውም። ምን ትፈልጊያለሽ ሲላት እንደ ሮሊንግ ስቶንስ ስታዲየም መሙላት እፈልጋለሁ አለችው። በዚያን ጊዜ በሆቴል አዳራሽ ለምትሠራ፣ ውል ለሌላት፣ ለጥቁር ሴት ይህ የሚታሰብ አልነበረም። ዴቪስ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ትርኢቷን አየና ሥራውን ተቀበለ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር መቀነስ ነው። ላባው ቀረ፣ ሱፍ የለበሱት ተወዛዋዦች ቀሩ፣ የዲስኮው ቅንብር ቀረ። በምትኩ ጠንካራ የሮክ ባንድ ከኋላዋ ቆመ፤ ጸጉሯ እንደ አንበሳ ጋማ ሆነ፤ ቀሚሱ አጠረ። ዴቪስ ያሳመረላት ነገር የለም፤ የተከመረባትን አነሣላት።

በ1981 ኒው ዮርክ ውስጥ ሪትዝ በሚባለው ክበብ ሠራች። ሮድ ስትዋርት አይቷት ቴሌቪዥን ላይ አብራው እንድትዘፍን ጋበዛት፤ ሮሊንግ ስቶንስ ደግሞ ከእነሱ በፊት መድረክ እንድታሞቅ ወሰዷት። በዚያው ዓመት ፒፕል ለተባለው መጽሔት በትዳሯ የደረሰባትን በአደባባይ ተናገረች። ብዙ ታዋቂ ሴቶች ድብደባን እንደ ነውር አፍነው በሚይዙበት ዘመን ነው የተናገረችው። ዓላማዋም ቀላል ነበር፤ ስለ አይክ የሚጠይቋትን ጥያቄ አንዴ መልሳ መገላገል። ጥያቄው ግን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልተዋትም።

መንገዱ የተከፈተው ከአሜሪካ ሳይሆን ከእንግሊዝ ነው። ሼፊልድ ከምትባለው የብረት ከተማ የመጡ፣ በኮምፒውተርና በሲንተሳይዘር የሚጫወቱ ወጣቶች፣ ማርቲን ዌርና ኢያን ክሬይግ ማርሽ፣ የድሮ ዘፈኖችን በአዲስ ድምፅ የሚያቀርብ አልበም እየሠሩ ነበር። «ቦል ኦቭ ኮንፊውዥን» የሚለውን ዘፈን በ1982 ለቲና ሰጧት። ዌር በኋላ እንደተረከው ስቱዲዮ ስትገባ ባንዱ የታለ ብላ ጠየቀች፤ ወደ ማሽኑ አሳያት። እንደ ድሮው መለከትና ድራም ያለበት ክፍል ጠብቃ ነበር። ጥቂት ተገርማ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። ቀዝቃዛ የማሽን ምት ላይ ያ ሻካራ ጉሮሮ ሲያርፍ ማንም ያልሰማው ነገር ወጣ።

አሜሪካ ውስጥ ካፒቶል ሬከርድስ ውል ቢሰጣትም አዲስ የመጡት አለቆች ሊያሰናብቷት ፈልገው ነበር። በኩባንያው ውስጥ ጆን ካርተር የሚባል ሰው ተከራከረላት። በ1983 መጀመሪያ ደግሞ ዴቪድ ቦዊ ደረሰላት። ቦዊ አዲሱን አልበሙን ይዞ ኒው ዮርክ መጥቷል፤ የኩባንያው ታላላቆች እራት ሊጋብዙት ሲሉ ዛሬ ሌሊት የምወዳት ዘፋኝ ሪትዝ ትሠራለች፣ እሷን ላይ ነው የምሄደው አላቸው። ተከትለውት ሄዱ። በራሳቸው ኩባንያ ውስጥ ያለችን ዘፋኝ በሌላ ሰው ዓይን አዩዋት። ቲና ስለዚያ ሌሊት ባወራች ቁጥር ቦዊን ታመሰግናለች፤ በእኔ ግምት ግን ቦዊ ያደረገው በሩን መጠቆም ነው፤ በሩ ላይ ለስድስት ዓመት የቆመችው እሷ ናት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዌርና ከግሬግ ዋልሽ ጋር የአል ግሪንን «ሌትስ ስቴይ ቱጌዘር» ለንደን ውስጥ ቀረጸች። አጀማመሩ ዝግ ያለ ነው፤ ድምጿ ብቻውን ሊሆን ምንም አይቀረውም፣ ከታች ስስ የኪቦርድ ድምፅ ተነጥፏል። ምቱ የሚገባው ቆይቶ ነው። ሰው በጩኸቷ ያወቃት ሴት እዚህ እያባበለች ትጀምራለች። ዘፈኑ ኖቬምበር 1983 ወጥቶ እንግሊዝ ውስጥ 6ኛ ደረጃ ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ ካፒቶል ገና ሳያወጣው የሙዚቃ ቤቶች ከእንግሊዝ እያስመጡ መሸጥ ጀመሩ፤ ጭፈራ ቤቶች ወደዱት። ኩባንያው ተጣድፎ አወጣውና 26ኛ ሆነ። አሁን ካፒቶል አልበም አምጡ አለ፤ ቶሎ። ዴቪስ ዘፈን ፍለጋ ለንደን ወረደ። የተሰጠው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው።

አልበሙ በተጻፈላት ዘፈን የተሞላ አይደለም፤ ማንም እሷን እያሰበ ዘፈን የሚያስቀምጥበት ጊዜ አልነበረም። ዴቪስ ያገኘው በየቤቱ ተቀምጦ የቀረውን ነው። ማርክ ኖፍለር «ፕራይቬት ዳንሰር»ን የጻፈው ለራሱ ባንድ ለዳየር ስትሬትስ ነበር፤ ቃላቱ ለገንዘብ የምትጨፍር ሴት የምትናገራቸው ስለሆኑ በወንድ አፍ አይሆንም ብሎ አስቀመጠው። ለቲና ሲሰጣት የባንዱ አባላት መጥተው ተጫወቱላት፤ ኖፍለር ስላልነበረ የጊታሩን ብቸኛ ክፍል ጄፍ ቤክ ሞላው። ቤክ አንድ ሮዝ ጊታር ይዞ መጣና ፈርሚልኝ አላት። ብዕሩ አልይዝ ሲል ቲና ስለት አንሥታ ስሟን እንጨቱ ላይ ፋቀችው። «ቤተር ቢ ጉድ ቱ ሚ»ን ከጥቂት ዓመት በፊት ሌላ ባንድ ሠርቶት ብዙ ሳይሰማ አልፏል። «ስቲል ክሎ» የአየርላንዳዊው የፖል ብሬዲ ነው። ለእሷ ተብሎ የተጻፈው የመክፈቻው ዘፈን ነው፤ የፕሮዲውሰሩ የሩፐርት ሃይን ወዳጅ ጃኔት ኦብስቶይ ከቲና ጋር ተቀምጣ ስለ ሕይወቷ፣ ከሰባዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስለያዘችው የቡድሃ እምነትና ስለ ዳግም መወለድ አስወርታት የወጣ ግጥም ነው።

ከዚያም ያ ዘፈን መጣ። «ዋትስ ላቭ ጎት ቱ ዱ ዊዝ ኢት»ን የጻፉት ቴሪ ብሪተንና ግራሃም ላይል ናቸው። ክሊፍ ሪቻርድ አልፈልግም ብሎ መልሶታል፤ ባክስ ፊዝ የሚባለው የእንግሊዝ ቡድን ቀርጾት ሳያወጣው ቀርቷል። ቲና ስትሰማው አልወደደችውም። ለስላሳ ነው፣ የሮክ ዘፈን አይደለም፣ የእኔ አይነት አይደለም አለች። ዴቪስ ግን አልለቀቃትም። ብሪተን ጋር ሄደች። ብሪተን የነገራት ነገር ለእሷ አዲስ ነበር፤ ዘፈን ለዘፋኝ ሲሰጥ ዘፋኙን እንዲመስል ይለወጣል አላት። የሚነሣበትን ድምፅ ለጉሮሮዋ እንዲስማማ ቀየረው፤ አጀቡንም ትንሽ አሻከረው፣ ጠርዝ ሰጠው። ለ20 ዓመት ያህል ዘፈን እየተሰጣት፣ እንዲህ በይው እየተባለች የዘፈነች ሴት፣ ዘፈኑ ወደ እሷ ሲመጣ ያየችው እዚህ ነው። ኋላ ስታስታውሰውም የምታነሣው ይህንኑ ነበር።

ሲቀረጽ እንድትጮህ አልፈቀዱላትም። ዘፈኑን ደጋግሞ ላዳመጠ ሰው ውበቱ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስንኞች ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ የተናገረችውን ነገር ራሷም ሙሉ በሙሉ ያላመነችበት ይመስላል። ፍቅር አያስፈልገኝም የምትል ሴት ናት፤ ግን በየመሐሉ ጉሮሮዋ ላይ የሚሰነጠቅ ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ይናገራል። የ22 ዓመት ልጅ ብትዘፍነው ጥሩ የፖፕ ዘፈን ይሆን ነበር። እሷ ስትዘፍነው አድማጩ ዳላስን፣ አውራ ጎዳናውን፣ መጽሔት ላይ ያነበበውን ሁሉ ይዞ ይሰማል። ለዚህ ነው ለሌሎች ያልሆነው ለእሷ የሆነው የምለው።

አልበሙ «ፕራይቬት ዳንሰር» ተብሎ በሜይ 1984 መጨረሻ ወጣ። በ«ዋትስ ላቭ ጎት ቱ ዱ ዊዝ ኢት» ቪዲዮ ቲና የጂንስ ጃኬትና አጭር የቆዳ ቀሚስ ለብሳ፣ በረጅም ተረከዝ ኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ትራመዳለች። የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያው ኤም ቲቪ ጥቁር ዘፋኞችን በብዛት ማሳየት ከጀመረ ገና ብዙ አልቆየም። በዚያ በጋ ከላዮኔል ሪቺ በፊት መድረክ እያሞቀች ከከተማ ከተማ ትዞር ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን ዘፈኑ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ሆነ፤ ለሦስት ሳምንት እዚያው ቆየ። 44 ዓመት ከዘጠኝ ወሯ ነበር፤ እስከዚያ ቀን በዚያ ዕድሜ ብቻዋን ዘፍና ሰንጠረዡን የመራች ሴት አልነበረችም። ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰንጠረዥ ውስጥ ከገባ 24 ዓመቱ ነው። አልበሙም በፕሪንስና በብሩስ ስፕሪንግስቲን ብቻ ተበልጦ 3ኛ ደረጃ ላይ ለሳምንታት ቆመ፤ በመላው ዓለም ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ጋዜጣው ሁሉ «ተመለሰች» ብሎ ጻፈ። ዜናው እንዲያ ይምሰል እንጂ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳመጠ የድሮዋን ቲና አያገኝም። «ፕራውድ ሜሪ» የለም፤ የአይክ ዘፈን አንድም የለም። ድሮ የወደዷት ሰዎች ትዝታቸውን ይዘው መጥተው ያገኙት የማያውቁትን ሰው ነው። አንዳንዱ የሲንተሳይዘር ድምፅ ዛሬ ያረጀ ይመስላል፤ የቢትልስን «ሄልፕ» ዝግ አድርጋ የዘፈነችበት ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

በእነዚሁ ወራት የእኛ አገር በሰባ ሰባቱ ድርቅ እያለቀ ነበር። በኦክቶበር 1984 ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስደንግጧል። ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት፣ በእኛ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከ40 በላይ የአሜሪካ ዘፋኞች ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ የጻፉትን፣ ኩዊንሲ ጆንስ የመራውን «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሊዘፍኑ ነው። የቲና ተራ የደረሰው ከጄምስ ኢንግራም ቀጥሎ ነበር፤ አንድ አጭር ስንኝ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ከዚያ ቢሊ ጆኤል ይቀላቀላታል። በዚያው ሌሊት ስቲቪ ዎንደር የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ወደ ስቱዲዮው ገብተው ዘፋኞቹን ስለ ወገኖቻቸው አመሰገኑ፤ ብዙዎቹ አለቀሱ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት መካከል መራብ ምን እንደሆነ፣ በሰው ኩፖን መብላት ምን እንደሆነ ከጥቂት ዓመት በፊት የቀመሰች ሴት እንደነበረች ሳስብ የዘፈነችው አጭር ስንኝ ይከብደኛል።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 26፣ ግራሚ ተሰጠ። ቲና ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ቢሆንም ቀይ ቀሚሷን ለብሳ ደረጃውን እየወረደች ዘፈነች። የዓመቱ ምርጥ ቅጂ፣ ምርጥ የሴት ፖፕ ድምፅና ምርጥ የሴት ሮክ ድምፅ ሆና ተሸለመች፤ ዘፈኑ ደግሞ ለብሪተንና ለላይል የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ሽልማት አስገኘ። በዚያው ዓመት ለእኛው ረሃብ ገንዘብ በተሰበሰበበት ላይቭ ኤይድ ላይ፣ ጁላይ 13 ቀን ፊላዴልፊያ፣ ከሚክ ጃገር ጋር ዘፈነች። «ማድ ማክስ» ፊልም ላይ ሠራች። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ዘፋኝ መድረክ አላሞቀችም። በጃንዋሪ 1988 ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማራካና ስታዲየም ውስጥ ከ180 ሺህ በላይ ሰው ፊት ቆመች። ለዴቪስ የነገረችው ምኞት ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ሞላ።

የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ በ1991 ስሟን ያሰፈረው ከአይክ ጋር አጣምሮ ነው፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኘችም። ለብቻዋ የተመዘገበችው በ2021፣ በ81 ዓመቷ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ዘጋቢ ፊልም «ፕራይቬት ዳንሰር»ን የመመለሻ አልበም መባሉን አልተቀበለችም። ቲና ከዚያ በፊት መጥታ አታውቅም ነበር፣ ያ የመጀመሪያ አልበሜ ነው አለች። ስሟን ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንዳወጣው የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ትዕቢት አይሰማውም።

ሜይ 24 ቀን 2023 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ኩስናኽት በምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ ባለው ቤቷ በ83 ዓመቷ አረፈች። በ2025 የአልበሙ 40ኛ ዓመት እትም ሲዘጋጅ «ሃት ፎር ዩ፣ ቤቢ» የተባለ፣ ለዚያው አልበም ካርተር የቀረጸውና ሳይገባ የቀረ ዘፈን ተገኝቶ ወጣ። ጊታሩ ጠንካራ፣ ድምጿ ሙሉ ነው፤ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ በሙሉ ጉልበቷ ትጮኻለች። ደስ ይላል። በ1984 ለምን እንደተዉትም ወዲያው ይገባል፤ እንደዚያ ስትዘፍን ዓለም ቀድሞ ሰምቷታል።